በር በተከፈተ ቁጥር

«ይኸው፣ ደግሞ ወረደ» አለች ጎረቤቲቱ በሹክሹክታ። አንድ ለቀስተኛ በሩን ከፍቶ ሲገባ ከጓዳ የሚሰማው ቀጭን ፉጨት ዝቅ አለ፤ በሩ ሲዘጋ ቀስ እያለ ወደ ቦታው ተመለሰ። «ለሚገባው ሁሉ ሰላም እያለ እኮ ነው።»

የሟቹ ሚስት ሰማቻት። ፉጨቱ የባሏ መሣሪያ መሆኑን ታውቃለች፤ ቢሆንም በሩ በተከፈተ ቁጥር ሰውነቷን ውርር ያደርጋታል።

ባሏ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ከሥራ መልስ ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚዘፍን የሙዚቃ መሣሪያ ለራሱ ይሠራል። ልቡን የሰረቀው ድምፅ የሚያጣራው ክፍል ነው። «ወንፊት በዪው» ይላት ነበር። «ወፍራሙን ያሳልፋል፣ ቀጭኑን ያስቀራል። ይቺን ቁልፍ እስከ ጥግ ካዞርሻት ግን ምንም ሳይገባበት ራሱ ይዘፍናል።» ዘፈነለትም። ግን አንድ ቦታ አልረጋ አለው፤ ድምፁ ይንሸራተታል። ካፓሲተሩን ቀየረ፣ ሽቦውን ፈታ፣ መልሶ በየደ፤ ወራት አለቁ።

«እኔን ነው ያገባኸው ወይስ ሽቦ?»

«አንቺ ስትጮሂ ቢያንስ ምክንያቱ ይታወቃል።»

የመበየጃ ሊድ ሊገዛ ሲወጣ «እንዳታጠፊው» አላት። «ከጠፋ ዳግም ላይነሳልኝ ይችላል።» መንገድ ላይ ልቡ ቆመ። መሣሪያው መርዶውን አልሰማም፤ ያፏጫል።

«ልጄ፣ ይጥፋ እንጂ» አሏት አጎቱ። «እናቱ እንቅልፍ አጡ።»

«እያለቀሰ ነው» አሉ እናትየው። «ይረፍልኝ።»

ፉጨቱ ከጠፋ እሱም ጨርሶ ሊሞትባት ነው። ይህ ለእናት እንዴት ይነገራል? «እሺ፣ አብረን እናጥፋው እማማ» ብላ ክንዳቸውን ደግፋ ገባች።

ሶኬቱን ያዘች። እጇ እምቢ አላት። እናትየው ክዳን በሌለው መሣሪያ ላይ ጎንበስ ብለው፣ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚነካ፣ ዳር ላይ ያለችውን ጥቁር ትራንዚስተር በጣታቸው ነኩ። «ይቺ በርዷታል።»

ሚስትየው በሌላው እጇ ሁለተኛዋን ነካች፤ ትሞቃለች። ድምፁን አንድ ቦታ እንዲይዙለት ባሏ ከስንቱ መሃል ለክቶ የመረጣቸው መንታዎች ናቸው። ለመልኩ ሲል አንዷን ከሚግለው ትራንስፎርመር ጎን፣ ሌላዋን ከበሩ ነፋስ ፊት ለያይቶ አስቀምጧቸዋል። የሁለቱ ጣት ሙቀት እኩል እያደረጋቸው ሄደ።

የውጭው በር ተከፈተ። ብርዱ ገባ። ሁለቱም ጣታቸውን ሳያነሱ ጠበቁ። መንታዎቹ እኩል ሞቀዋልና ፉጨቱ ንቅንቅ አላለም።

«አገኘነው» አለች፣ ማንን እንደምታናግር ሳታውቅ። «ይኸው እኮ፣ አገኘነው።» ከሞተ ወዲህ እንደዚያ አልቅሳ አታውቅም።

እናትየው ምን እንደተገኘ አልጠየቁም። በነፃ እጃቸው የምራታቸውን እጅ ከሶኬቱ ላይ አንስተው ያዙት፤ ጣታቸውን ግን ከትራንዚስተሯ ላይ አላነሱም።