የግራው ፔዳል

ነፋሱ የመጣው ካፊያ በነበረበት አንድ ረፋድ ላይ ነው። ነፋሱ የሚለው ቅጽል ስም የወጣለት በወጣትነቱ ብስክሌት ሲወዳደር ነበር። ሚስቱን ትቶ ሌላ ሴት ዘንድ ሲገባ ታዲያ ሰፈሩ «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ብሎ ተሳለቀ።

የተተወችው ሚስት ግን ከባሏ እናት ቤት አልወጣችም። መጀመሪያ «ይመለሳል» ብላ ቆየች። ኋላ የባሏ አባት ሲሞቱ አሮጊቷን ብቻቸውን ጥላ መሄድ አንጀቷ እምቢ አላት፤ በመጨረሻ መሄጃ ማሰቡንም ተወችው። ከግቢው ጋር የተያያዘውን የሟቹን የብስክሌት መጠገኛም እሷ ያዘች። ጎማ በመለጠፍ ስለጀመረች ሰፈሩ ጠጋኟ ይላታል። እማማን፣ አማቷን ማለት ነው፣ ታጥባቸዋለች፣ ታበላቸዋለች፣ ሳል ሲነሳባቸው ጀርባቸውን ታሻለች።

ልጃቸው በር ላይ ሲቆም እማማ ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር በድምፁ ነው ያወቁት። ከወንበራቸው ተስፈንጥረው ሲነሱ ከዘራቸው ወደቀ። አንገቱን አንቀው አለቀሱ። እሱም ጀርባቸውን መታ መታ አደረገና፣ በትከሻቸው አሻግሮ ግቢውን እያየ፣

«ያቺ ቀይ ብስክሌቴ አለች?» አለ።

«አለች! የት ትሄዳለች!» አሉ እማማ።

ጠጋኟ መጠገኛው በር ላይ ቆማ እጇን በጨርቅ እየጠረገች ሰማችው። ሰላምታው ለእሷ የደረሰው ከብስክሌቷ በኋላ ነው።

ነገሩ ወዲያው ተገለጠ። የቀድሞ ተወዳዳሪዎች ማኅበር አንጋፋዎቹን ሊያከብር ነው፤ እያንዳንዱ በራሱ የድሮ ብስክሌት ሜዳውን አንድ ጊዜ ይዞራል። ብስክሌቷ ደግሞ ጓሮ ካለው መጋዘን፣ በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ነው የኖረችው። ጎማውና ካቴናው በቀላሉ ይተካል። ፔዳሎቹ ግን በውስጣቸው ሆኖ ከሚያሽከረክራቸው ኩሽኔታ ጋር ዝገው ድንጋይ ሆነዋል።

«ሌላ ፔዳል ልግጠምልህና ሂድ» አለችው።

«በተውሶ እግር አልነዳም። የራሴን ነው የምፈልገው። እስክትጨርሺ እዚሁ እሆናለሁ።»

ከዚህ ሁሉ ወሬ እማማ ጆሮ የገባችው «እዚሁ እሆናለሁ» የምትለዋ ብቻ ናት። ካፊያው እንዳቆመ ፍራሽ ተሰጣ፣ ወፍራሙ ብርድ ልብስ ከሳጥን ወጣ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተነገረው። «ልጄ ቤቱ ገባ» አሉ እማማ፤ ማንም ሊያርማቸው አልደፈረም።

ጠጋኟ ፔዳሎቹ ላይ ነጭ ጋዝ አፍስሳ አሳደረቻቸው። በማግስቱ ሥራ ስትጀምር ነፋሱ በርጩማ ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና የድሮ ውድድሮቹን መተረክ ያዘ። የቀኙ ፔዳል ከተገጠመበት ክንድ ተፈታ። ይሄኔ ሞቅ አለውና መፍቻውን ከእጇ ነጥቆ የግራውን እሱ ይታገለው ጀመር። ፊቱ ቀላ፣ የአንገቱ ሥር ተገታተረ።

«የግራው ጥርሱ ተገላቢጦሽ ነው» አለችው። «እየፈታህ አይደለም፣ እያጠበቅህ ነው።»

«መቼም የማላውቀው ነገር አይደለም…»

«ስትረግጠው ኖርክ እንጂ መቼ አየኸው?»

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ መፍቻውን ተቀብላ በተቃራኒው አዙራ ፈታችው።

የቀኙን በሞርሳ አስራ ፐርኖውን፣ መሐሉ ያለውን ዘንግ፣ አወጣች። አፉ ላይ ያለውን ኩሽኔታ የፔዳሉን ገላ በእሳት አሙቃ፣ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ጎን በቀስታ እየመታች አስለቀቀችው፤ ባንድ በኩል ብቻ ከተመታ ይጣመምና ጭራሽ ይሰነቀራል። ከታች ያለው ግን የባሰ ነው። የፔዳሉ ጫፍ ድፍን ስለሆነ ከኋላ የሚመታበት ቀዳዳ የለውም። እሷ ግን መላ አላት። እማማ ለነፋሱ ካቀረቡለት ሳህን ላይ ዳቦ አንስታ ውኃ አስነካችና በኩሽኔታው መሐል ጠቀጠቀችው። ነፋሱ «ዳቦዬን ወሰደችው!» ብሎ ሳቀ።

«ኧረ ልጄ! ለልጄ ያቀረብኩትን ዳቦ ለብረት?» ጮኹ እማማ ከበረንዳው።

«ብረቱም የእሱ ነው፣ እማማ።»

በቀዳዳው ልክ የሆነ ዘንግ አስገብታ በመዶሻ መታችው። ዳቦው መውጫ ሲያጣ ከኩሽኔታው ኋላ ተጠራቅሞ ወደ ላይ ይገፋዋል። ዳቦ ጨመረች፣ መታች፣ ጨመረች። ዝገቱን እያራገፈ ኩሽኔታው ብቅ አለ።

ነፋሱ ከበርጩማው ብድግ አለ። «እጅሽ ወርቅ ነው እኮ! ወርቅ!»

ጠጋኟ አንገቷን ደፋች። ከስንት ዘመን በኋላ አንድ ቃል ቢወረውርላት ልቧ ሞቅ አለ፤ ለሞቀው ልቧም ተናደደች።

«ለባለቤቴ ብነግራት አታምነኝም» ቀጠለ እሱ፣ የዛገውን ኩሽኔታ በጣቱ እያገላበጠ። «‹ይሄን ሴት ናት የሠራችው› ብላት ትስቃለች።»

«ባለቤቴ» የምትለዋን ቃል ሆን ብሎ አልነበረም የተናገራት። እንዲያውም ያለውን ያወቀ አይመስልም። ጠጋኟ መዶሻውን አስቀመጠች፣ ዳቦውን ከጠረጴዛው ጠረገች፣ «የግራውን አቀብለኝ» አለች።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሸለብ ሲያደርገው እማማ ግድግዳውን እየዳበሱ መጠገኛው ገቡ።

«ልጄ፣ ስንቱ ቀረ?»

«አንዱ ብቻ።»

«እንግዲያው አትቸኩይ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ትንሽ እንቢ ይበልሽ። ዝጓል በይው። ሲቆይ ይለምዳል፤ ቤቱ አይደል? ሰው እኮ በእንጀራው ሳይሆን በልምዱ ነው የሚታሰረው።»

«ሚስት አለችው እማማ። ልጆች አሉት።»

«እኔስ የለሁትም?»

ጠጋኟ መዶሻውን በጨርቅ መጥረግ ያዘች። እኒህ ሴት ከወለዷት በላይ ናቸው። አንድ ኩሽኔታ ማዘግየት ምን ነበረበት? ግን በበርጩማው ላይ ሆኖ «ባለቤቴ» ሲል እንደገና ልትሰማው ነው፣ ፍራሹን ልታነጥፍለት ነው፣ ሳህኑን ልታጥብለት ነው። አልቻለችም። እማማ እንደወጡ የግራውን ፔዳል አሞቀች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ኩሽኔታው ለቀቀ። አዲስ ኩሽኔታ መትታ አስገባች፣ ግራሶ ቀባች፣ ገጠመች። በጣቷ ብትነካው ለብቻው ዞሮ ዞሮ ቆመ፤ ድምፅ የሚባል የለውም። አበላሽታ መሥራት ያማራት ነበር። እጇ ግን አያውቅበትም።

በነጋታው ጠዋት እማማ ለልጃቸው ሥጋ ሊገዙ ከጎረቤት ጋር ሄደው ነበር። ነፋሱ ብስክሌቷን ግቢው ውስጥ አንድ ዙር ነዳት፤ ፊቱ የልጅ ፊት ሆነ።

«እናትህን ጠብቃቸው» አለችው ጠጋኟ።

«ይረፍድብኛል። ደግሞ ሲያለቅሱ አልወድም። አንቺ ንገሪልኝ።»

በሩን የከፈተችለት እሷ ናት።

እማማ ስለ ሥጋው ሙዳ እያወሩ ተመለሱ። በርጩማውን በከዘራቸው ነካኩ።

«የት አለ?»

«ሄደ፣ እማማ። ሰላም በይልኝ ብሏል።»

«ጨረሽለት?»

«ጨረስኩለት።»

አሮጊቷ አልጮኹም። «አንቺ ነሽ የሰደድሽው» አሉ። «አንድ ቀን ለመንኩሽ፤ አንድ ቀን።» ሥጋውን መሬት ላይ ጥለው ገቡ። ያን ቀን ከእሷ እጅ ውኃም አልቀመሱም።

ከማኅበሩ በዓል በኋላ ጎማ ሊያስለጥፍ የመጣ ደንበኛ ነፋሱን እንዳየው አወራ፤ ሲዞር ሕዝቡ ቆሞ አጨብጭቦለታል፣ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ፎቶ ተነሥቷል። እማማ ከበረንዳው ሰሙ።

«ፔዳሉ አስቸገረው?» አሉ።

«ኧረ እማማ! እንደ ቅቤ ነው የሚሄደው።»

ከዚያ ወዲህ እማማ ወንበራቸውን ወደ ግቢው በር አዛወሩ። ብስክሌት ባለፈ ቁጥር ቀና ይላሉ። ጠጋኟ ምሳቸውን እዚያው ታመጣለች፤ አሁን ይበላሉ፣ ግን አያመሰግኑም። አንድ ቀን ብርዱ ሲበረታ ትከሻቸው ላይ ጋቢያቸውን እየደረበችላቸው እንባዋ ቀደማት።

«እማማ፣ እሱ ሁለት ቀን ነው የተቀመጠው። እኔ ዕድሜዬን። እኔስ?»

አሮጊቷ ፊታቸውን ከመንገዱ አልመለሱም። ክፋት አልነበረባቸውም፤ የሚያውቁትን እውነት ነው የተናገሩት።

«አንቺማ አለሽ» አሉ። «አንቺ የት ትሄጃለሽ?»

ጠጋኟ ባዶውን ሳህን አነሳች። መጠገኛው ውስጥ ጎማው የፈነዳበት ሰው ይጠብቃት ነበር።