የመከታ ሳል

መከታ በፋሲካ ማግስት ማሳል ሲጀምር፣ የዶሮ አጥንት ነው ያላለ ሰው አልነበረም። ሁዳዴን ሙሉ የሽሮ ፍትፍት ሲበላ የከረመ ውሻ ነው፤ እሑድ ግን የምግብ ቤቱ የዶሮ አጥንት ሁሉ አንድ ላይ ተደፋለት። ሰኞ ጠዋት አንገቱን አስግጎ፣ የፊት እግሮቹን ከፍቶ፣ የተሰነቀረበትን ነገር ሊያወጣ እንደሚታገል ሁሉ ይናጥ ጀመር። የሚወጣው ነጭ አረፋ ብቻ ነበር።

አስረሳሽ ወጥ ቤቱን ትታ ጓሮ ወጣች። መከታን ያሳደገችው ጁባ ገና ሰው በድንኳን የሚያድርባት ሳለች፣ ከቡችላነቱ ጀምሮ ነው። ከአክስቷ ልጅ ከግዛው ጋር አማራት በሚባለው ሰፈር ምግብ ቤቱን ሲከፍቱ፣ በሩን የጠበቀላቸው የመጀመሪያው ዘበኛ እሱ ነበር።

"ነይ፣ መንጋጋውን ያዥልኝ" አለቻት ሶፍያን።

"እትዬ፣ ሌላ ሥራ ይዘዙኝ" አለች አስተናጋጇ፣ ትሪዋን እንደ ጋሻ ደረቷ ላይ ይዛ። "ከአገሬ የወጣሁት የውሻ አፍ ልይዝ ነው እንዴ?"

አስረሳሽ ብቻዋን ተንበረከከች። በግራ እጇ መንጋጋውን ከፍታ የቀኟን ሌባ ጣት እስከ ጉሮሮው ድረስ ሰደደች። ምላሱ ይሞቃል፤ አጥንት ግን የለም። እጇን ስትመልስ መከታ ዳግመኛ ተናጠ፤ የክራንቻ ጥርሱ ጣቷን ጫር አደረገው። ደሙ ጥቂት ነበር። በውሃ ለቅለቅ አድርጋ፣ ፕላስተር ለጥፋ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

ምሳ ሰዓት ላይ ዶክተር ኡቻን መጣ። የእንስሳት ሐኪም ነው፤ ጋምቤላ አድጎ፣ ደብረ ዘይት ተምሮ፣ ሰላም ሲሆን ወደ ወላጆቹ አገር የተመለሰ። ሁልጊዜ የሚቀመጠው ለጓሮው በር በሚቀርበው ጠረጴዛ ነው። ጥብሱን ጠቅልሎ ሊጎርስ ሲል ሳሉን ሰማ።

"ማነው እሱ?"

"መከታ ነው። አጥንት ሰንቅሮት" አለች አስረሳሽ።

ኡቻን ጉርሻውን መልሶ ትሪው ላይ አስቀመጠው። "ለመሆኑ ይህ ውሻ ተከትቦ ያውቃል?"

"ማን ከትቦት?"

"አጥንት የሰነቀረው የሚመስል ሁሉ አጥንት አይደለም፣ እትዬ። የእብድ ውሻ በሽታም አንዳንዴ ሲጀምር እንዲሁ ነው። ባለቤቱ አጥንት መስሎት እጁን ይከታል።" ዓይኑ ጣቷ ላይ ወደቀ። "ይኼስ?"

ግዛው ከጎኗ ቆሞ ነበር። ከኋላው ሁለት ደንበኞች ይበላሉ።

"ቢላ ነው" አለች።

ግዛው ሌላ ነገር አልጠበቀም። "እንግዲያ ምን ይቀረናል? የጎረቤቱ ዘበኛ ላዶ ጠመንጃ አለው። ዛሬውኑ ይገላግለናል።"

"ሰው ነክሶ ከሆነ እንዳትገድሉት" አለ ኡቻን። "ታስሮ ይጠበቃል። ከሞተ ምን እንደነበረበት እዚህ መርምሮ የሚነግረን የለም። ማንንም ካልነካ... እናንተ ታውቃላችሁ።"

ግዛው እጁን በሱሪው እየጠረገ በጓሮው በር ወጣ። አስረሳሽ ወጥ ቤት ገብታ ቢላውን አነሳች፤ አስቀመጠችው፤ መልሳ አነሳችው። ብትናገር፣ እብድ ውሻ የነከሳት ሴት የሠራችውን ማን ይበላል? ወሬው ሳይመሽ የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ ጉምቦ ሰፈር ይደርሳል። ዝም ብትል መከታ ይሞታል፤ በደሟ ውስጥ የገባውን ነገር የሚነግራት ብቸኛ ፍጡርም አብሮት ይቀበራል። ከአጥሩ ማዶ የላዶ "ማፊ ሙሽኪላ" ተሰማ። ችግር የለም ማለቱ ነው።

ሮጣ ወጣች። "ግዛው! ተመለስ። ቢላ አይደለም።"

ግዛው ዞሮ አያት፤ ከዚያ ጣቷን። ነገሩ ሲገባው ፊቱ አመድ መሰለ። "አንቺ ሴት፣ እኔን ልትገድይኝ ነው?" አለ፤ የተነከሰው እሱ ይመስል።

ኡቻን በወራጅ ውሃና በሳሙና ጣቷን እስኪነጣ ድረስ አሳጠባት። "ለመርፌው የውሻውን መጨረሻ አንጠብቅም፤ ቶሎ መጀመር አለበት" አለ። ግዛው በሞተር ብስክሌት ክሊኒኮቹን ሁሉ ዞረ፤ ክትባቱ አልተገኘም። ማታ አዲስ አበባ ደውሎ፣ በበረዶ ሳጥን ተደርጎ ዓርብ በሚመጣው አውሮፕላን እንዲላክ ተስማማ። "ካልመጣ አንቺ ትሄጃለሽ" አላት። የአገሩ ምርጫ ሳምንት እየተቃረበ ስለነበር ግን ከጁባ የሚወጣው አውሮፕላን ሁሉ ሞልቷል። የእርዳታ ድርጅቶቹ ብጥብጥ ፈርተው ሠራተኞቻቸውን እያወጡ ነበር፤ ደንበኛውም ቀንሷል።

ግዛው ወጥ ቤቱን ተረከበ። አስረሳሽ ሥራ ፈታ ጓሮ ተቀመጠች። መከታ ማንጎ ዛፍ ሥር በወፍራም ገመድ አንገቱን ታስሯል፤ ምግቡ በረጅም እንጨት ይገፋለታል። ያስላል፤ ወደ እሷ ሊመጣ ሲስብ ገመዱ ያንቀዋል፤ የበለጠ ያስላል። እሷ ውሃ በጠጣች ቁጥር የገዛ ጉሮሮዋን ታዳምጣለች። አንዳንዴ ሳትጠማ ትጠጣለች፣ ይወርድ እንደሆነ ለማየት። ትነሳለች፣ ትቀመጣለች፣ የተጠረገ ጓሮ ትጠርጋለች።

"እትዬ፣ እግዜር ቶሎ ይማርዎት" አለቻት ሶፍያ፣ ያልተነካ ሳህን ይዛ ስትመለስ። "የጋሽ ግዛው ወጥ ከእብድ ውሻ ይብሳል።"

አስረሳሽን ከሳሉ ይልቅ ያስጨነቃት ዝምታው ነበር። በየጠዋቱ ውሃ የሚያመጣላቸው ቦቴ የመከታ ደመኛ ነው፤ ገና ከመታጠፊያው ሲሰማው ነበር አጥሩን የሚያንቀጠቅጠው። አሁን ቦቴው መጥቶ ውሃውን ገልብጦ ሲሄድ አንገቱን ብቻ ቀና አድርጎ ያያል።

ሐሙስ ከሰዓት ዝናብ ሊጥል ሰማዩ ሲያጉረመርም ግዛው ወጥቶ ከፊቷ ቆመ።

"እየባሰበት ነው። ገመዱን ቢበጥስስ? ሶፍያን ቢነክስ ምን ልትይ ነው? መርፌው ነገ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ውሻው ለምንሽ ነው?"

"መከታ ነዋ" አለች።

ይህን እየተባባሉ ሳለ ኡቻን ገባ። ራቅ ብሎ ቁጢጥ አለና መከታን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ጆሮውን ወደ አጥሩ አዘነበለ። ከማዶ፣ አዲስ ከተከፈተው ሆቴል ግቢ፣ ያው ደረቅ ሳል መጣ። ቀጥሎም ሌላ።

"እነዚያ የማን ናቸው?"

"ከካምፓላ ያመጧቸው የጥበቃ ውሾች ናቸው" አለ ግዛው። "ከፋሲካ በፊት በጭነት መኪና ነው የመጡት።"

"የውሻ ጉንፋን ሊሆን ይችላል። በአጥር ቀዳዳ ሲሸታተቱ ይጋባል።" ኡቻን ወዲያው እጁን አነሳ። "ሊሆን ይችላል ነው ያልኩት! መርፌውም አይቀር፣ ጥበቃውም አይቀር። ድምፁን አዳምጡ፤ የሚያብድ ውሻ ጩኸቱ ይለወጣል። ግን ይህ ገመድ ጉሮሮው ላይ እያለ ጤነኛም ያስላል። በደረቱ በኩል መታሰር አለበት።"

"ማን ነው የሚያስረው?" አለ ግዛው። ሶፍያ ትሪዋን ፈለገች። ኡቻን፣ "ነገ ወፍራም ጓንት ይዤ ልምጣ" አለ።

መከታ በዚህ መሃል ሳሉ ተነሳበትና ገመዱን ስቦ ተዘረረ። ምላሱ ጠቁሯል። አስረሳሽ ተነስታ መቀነቷን ፈታች።

"አስረስ! አብደሻል?" አለ ግዛው።

"እሱን ነው ልናውቅ የምንጠብቀው" አለች፤ ሄደች።

ኡቻን፣ "ከኋላው፣ እትዬ! እጅዎን ከአፉ ያርቁ!" እያለ ተከተላት። ከኋላው ተንበርክካ መቀነቱን በደረቱ ዙሪያ አሳለፈች፤ ከፊት እግሮቹ ኋላ አዙራ ጀርባው ላይ ቋጠረችው። ልቡ መዳፏ ሥር ይመታል። ገመዱን ከመቀነቱ ጋር አሰረችና የአንገቱን ቋጠሮ ፈታች። መከታ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ አዞረ። ግዛው ዓይኑን ጨፈነ።

ውሻው የቀሚሷን ጫፍ አሽትቶ ተኛ።

ሌሊቱን ዘነበ። ዓርብ ማለዳ ግዛው ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሄደ። አስረሳሽ ከጓሮው በር ላይ ቆማ መከታን ትጠብቃለች። ሳሉ ራቅ ራቅ ብሏል፤ ግን እሱም ቢሆን ምን ማለት እንደሆነ አላወቀችም። መሻል ይሁን መድከም ማን ይነግራታል? ቦቴው ከመታጠፊያው አጓራ። መከታ ጆሮውን አቆመ። ተነሳ። አፉን ከፈተ፤ የወጣው ሳል ነበር። አስረሳሽ የበሩን እንጨት ጨብጣ ቀረች።

ቦቴው ማርሹን ቀይሮ ወደ ግቢው ተጠጋ። መከታ እግሮቹን ተከለ፤ መቀነቱ ጀርባው ላይ ተወጠረ፤ ጮኸ። ወፍራም፣ ሰፊ፣ የድሮ ድምፁ ነበር። ደጋግሞ ጮኸ፤ በመሃል አሳለ፤ ሳሉ ማቋረጡ አናድዶት ይመስል ጩኸቱ ባሰበት።

"እሰይ፣ ስድቡ ናፍቆኝ ነበር!" አለ የቦቴው ሾፌር በመስኮቱ።

ግዛው ከቦቴው ኋላ ሞተሩን አቁሞ፣ የበረዶውን ሳጥን እንዳቀፈ ገባ። ጥቂት ቆሞ አዳመጠ።

"የራሱ ድምፅ ነው?"

"የራሱ ነው።"

"መርፌውን ግን ትወጊያለሽ።"

"እወጋለሁ፤ አልቀርም" አለች። "ኡቻን በቃ እስኪለን እሱም አይፈታም።"

ግዛው ሳጥኑን ለሶፍያ ሰጥቶ የማታውን የሥጋ ትራፊ ከወጥ ቤት አመጣ። ከማንጎው ራቅ ብሎ ቁጢጥ አለና አጥንቱን ከሥጋው እየለየ ያወጣ ጀመር። ቀጭኗን እንኳ አላለፈም። ከዚያ ሳህኑን በእንጨቱ ገፋለት።