የላንድሮቨሩ ማኖቬላ

ሦስተኛው ገዥ በአውራ ጣቱ ምክንያት ተባረረ።

አባቴ ላንድሮቨሩን ለመሸጥ ከተስማማ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ተስማማ ለማለት እንኳ ይከብዳል፤ እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜና እኔ ወጥረን ይዘነው ሲሰለቸው "እሺ" አለ። ቤቱን ልንለቅ ነው። ግቢው የሚፈርስበት ቀን ተቆርጧል፣ የምንገባበት ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። መንገድ የማያስፈልገው መኪና ነው ተብሎ የተወራለት ላንድሮቨር እንኳ አራተኛ ፎቅ አይወጣም። እስከ እሑድ ጠዋት ገዥ ካልተገኘ ወንድሜ ያነጋገረው የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ጎትቶ ይወስደዋል፤ ከዚያ በኋላ መጋዝ ነው።

አባቴ ይህን ሁሉ ያውቃል። ያም ሆኖ ለሚመጣው ገዥ ሁሉ ፈተና አለው። የማስነሻ ሞተሩን ገመድ ይነቅልና በመኪናው አፍንጫ በኩል ማኖቬላውን ይሰካል። ማኖቬላ ድሮ ባትሪ ሲደክም ሞተር በእጅ እየተዞረ የሚነሳበት የታጠፈ ብረት ነው። "እስቲ አስነሳው" ይላል። ዓይኑ ከጥላ በቀር የሚለየው ነገር ስለሌለ፣ ገዥው ጎንበስ ብሎ ብረቱን ሲጨብጥ መዳፉን በሰውዬው እጅ ላይ ያሳርፍና ይዳስሳል። አውራ ጣቱ ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ በኩል ከተሰለፈ ደግ። እንደ መጥረጊያ እንጨት ዙሪያውን ከጨበጠው ግን ነገር አበቃ።

"ይሄ መኪና ላንተ አይሆንም ልጄ። ስለመጣህ እግዜር ይስጥልኝ" ይልና ወደ ወንበሩ ይመለሳል።

እውነቱን ለመናገር ምክንያት አለው። ሞተሩ አንዳንዴ ሊነሳ ሲል እንደ በቅሎ ይራገጣል፤ ማኖቬላው በሄደበት ኃይል ተመልሶ ይመጣል። ጣቱን ያሰለፈ ሰው ብረቱ ከእጁ ፈትለክ ይልለታል፣ የጠቀለለ ሰው አውራ ጣቱን ይሰብረዋል። የመጀመሪያው ገዥ ጥርስ ሐኪም ነበር። "አባባ፣ አዲስ ባትሪ እገዛለታለሁ እኮ" ቢለው "ባትሪ ይገዛል፤ ጣት ከየት ይገዛል? ደግሞ ላንተ ሥራ!" አለው። ሁለተኛው የሆቴል ባለቤት ነው፤ መኪናውን በር ላይ አቁሞ ኮፈኑ ውስጥ አበባ ሊተክልበት አስቧል። እሱ ለጣት ፈተናም አልደረሰ።

አባቴን በሥራ ዘመኑ ባልደረቦቹ "አውራ ጣት" ነበር የሚሉት። ቀኑን ሙሉ ስለ ጣት ሲሰብክ ስለሚውል ይመስለኝ ነበር።

አባቴ የስልክ መስመር ጠጋኞች ሹፌር ነበር። ነፋስ ምሰሶ ሲጥል፣ ጎርፍ ሽቦ ሲበጥስ፣ ሌላው መኪና ቆሞ "ከዚህ ወዲያ በእግር ነው" ሲል፣ የእሱ ላንድሮቨር አጠር ያለችዋን የማርሽ ዘንግ ወደ ኋላ ስቦ ቁልቁለቱን ይያያዘው ነበር። ትምህርት ሲዘጋ ይዞኝ ይሄዳል። ከኋላ ባለው የጎን አግዳሚ ላይ፣ በሽቦ ጥቅልሎችና በሠራተኞች ጉልበት መሀል እቀመጣለሁ። የጋዝ፣ የሸራና የሞቀ ጎማ ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ከፊት መስታወቱ ሥር ያሉትን ሁለት የአየር ማስገቢያ መዝጊያዎች ሲከፍታቸው ነፋሱና አቧራው እኩል ይገባሉ፤ ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ ከዓይናችን በቀር የምታውቀው ነገር አይኖራትም። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ዛሬ ያለሁበት ሥራ፣ ቤትና ኑሮ ደህና ነው፤ ግን ያንን አግዳሚ ስጡኝ ብል የሚሰጠኝ የለም።

ለገዥዎቹ ከፈተናው በፊት ታሪክ አለላቸው። አባቴ በቃሉ ይወጣዋል።

"ከትልቁ ጦርነት በኋላ ነው። አንድ መሐንዲስ ወንድሙን ባሕር ዳርቻ ይዞት ሄደና ይህን መኪና አሸዋው ላይ በእንጨት ሣለለት። ማዕበሉ መጥቶ ሳያጠፋው ወንድምየው 'እንሥራው' አለ። ብረት በራሽን የሚታደልበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ገላውን በአሉሚኒየም አለበሱት። ቀለም ደግሞ ከጦር አውሮፕላን የተረፈ አረንጓዴ ተገኘ። እንግዲህ አስበው፣ በአሸዋ ተፀንሶ በትርፍራፊ ለብሶ ያደገ መኪና ምን ይፈራል?"

ማዕበሉን አባቴ የጨመረው ይመስለኛል። የቀረው ግን እውነት መሆኑን ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ፋብሪካው ያንን የድሮውን ቅርፅ መሥራት አቆመ ተብሎ በሬዲዮ ሲነገር እራቱን ሳይበላ ቀረ። እናቴ "ምነው፣ ጣውንቴ ሞተች እንዴ?" ስትለው፣ "ዘሯ ተቋረጠ" አላት።

መኪናዋን ጣውንቴ ነው የምትላት። ብትል አይፈረድባትም። አንድ ጊዜ ምሰሶ ወድቆ በሩን ቀደደው። ላሜራ አይመጥነውም፤ አሉሚኒየም ነው የሚፈልገው። እናቴ ትልቁን የአሉሚኒየም ድስቷን ሦስት ሳምንት ፈልጋ አጣች። በኋላ የግራውን በር ስትከፍት አዲስ ልጣፍ አየች፤ ከልጣፉ ጥግ ላይ ደግሞ የድስቱ ማንጠልጠያ የነበረበት ቀዳዳ። "እኔን አራቁቶ እሷን አለበሰ" ብላ ለጎረቤት ሁሉ ተናገረች።

እኔም የራሴ ቂም ነበረኝ። ወንድሜን በአሥራ ሦስት ዓመቱ ማኖቬላ አስተማረው፤ መኪና የማይወደውን ወንድሜን! ሠራተኞቹን አስተማረ፣ የጎረቤት ልጆችን አስተማረ። እኔ እጄን ስዘረጋ ግን "አንቺ አትንኪ!" ነው። ሴት ስለሆንኩ ነው እንዳልል፣ ጎማ መቀየር ያስተማረኝ እሱ፣ ዘይት መለካት ያሳየኝ እሱ፣ መንዳትም ያስተማረኝ እሱ። ሴትነቴ ትዝ የሚለው ማኖቬላው ላይ ሲደርስ ብቻ ነው እንዴ? ስጠይቀው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ተውኩት፤ ግን ሆዴ አልተወውም።

ሐሙስ ዕለት ሦስተኛው ገዥ መጣ። ብረቱን ዙሪያውን ጠቅልሎ ጨበጠ፤ ጣቱ ሲያዝበትም ሳቀ፤ "እንዲህ ተጨብጦ የማይነሳ ሞተር ምን ያደርግልኛል?" አለ። አባቴ ደሙ ፈላ። "ዞር በል!" ብሎ ራሱ ጨበጠና ሳበው። ሰባ ስምንት ዓመት ያለፈው ሰው ነው፤ እግሩ ከዳው፣ በቀኝ እጁ ላይ ወደቀ።

እኔ ሆስፒታል ውስጥ ራጅ አንሺ ነኝ። ይዤው ሄድኩ፣ እናቴም ተከተለችን። እጁን ጠረጴዛው ላይ አስተካክዬ አነሳሁትና ምስሉን ተመለከትኩ። ከእብጠት በቀር አዲስ ስብራት የለም። ከአውራ ጣቱ ሥር ግን አንድ ያረጀ ስብራት አለ፤ ተጣሞ የገጠመ፣ አዋቂ ያላሰረው።

"አባዬ፣ ይሄ ጣት መቼ ተሰበረ?"

"በር ነው።"

"የትኛው በር?"

"የድሮ በር" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ውጭ አግዳሚው ላይ እናቴን አገኘኋት። ስብራቱን ነገርኳት።

"አንቺን የወለድኩ ቀን ነዋ" አለችኝ። "ምጥ የያዘኝ በጠራራ ፀሐይ ነው። ባትሪው ደክሟል። ይሄ አገር ያስተማረ ሰው ተደናገጠና ማኖቬላውን በሙሉ እጁ ጨበጠው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እሱ ነው። ተራገጠበት። ሲሰበር እኔ መኪናው ውስጥ ሆኜ ሰምቼዋለሁ፤ ቀጭ ነው ያለው። ደግሞ አዞረው፣ ተነሳ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ማርሹን በመዳፉ እየገፋ ነዳ። አንዴም አልጮኸ። የምጮኸው እኔ ነበርኩ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ አንቺ መጣሽ። አዋላጇ አንቺን ጠቅልላ ስትጨርስ የእሱን እጅ አየችና የተረፈውን ፋሻ ጠመጠመችለት። በዚያ በተጠመጠመ እጁ አቅፎሽ፣ አውራ ጣትሽን ይዞ 'ይህችን ጣት ማኖቬላ አይነካትም' አለ። ማል ያለው ሰው አልነበረም።"

"ለምን አልነገራችሁኝም?"

"ባልደረቦቹ ሰምተው 'አውራ ጣት' እያሉ መሳቂያ አደረጉታ። ለአንቺ ደግሞ ባንቺ ምክንያት ተሰበርኩ ብሎ ይንገርሽ? ሆድ ይፍጀው አለ።"

አዘንኩም፣ አፈርኩም። ከልጅነቴ ጀምሮ የተሸከምኩት ቂም ባዶ ሻንጣ ሆኖ ተገኘ። ወደ ውስጥ ተመልሼ እጁን በፋሻ ጠቀለልኩለት።

ቅዳሜ ጠዋት አራተኛው ሰው መጣ፤ ንብ አናቢ ነው። ቀፎዎቹ ያሉት ገደል ሥር፣ መኪና በማይደርስበት ቦታ መሆኑን ተናገረ። ድምፁ ዝግ ያለ፣ እጁም የማይቸኩል ሰው። ታሪኩን ከአሸዋው እስከ አረንጓዴው ቀለም ሳያቋርጥ አዳመጠ። አባቴ እንደ ወደደው ከፊቱ ያስታውቅ ነበር። ማኖቬላው ጋ ሲደርሱ ግን ሰውዬው እጁን አልዘረጋም።

"አባባ፣ እኔ ይሄን ነክቼ አላውቅም" አለ። "የሚያሳየኝ ካለ እማራለሁ።"

ከሦስቱ ገዥዎች አንዱም እንዲህ አላለም ነበር። አባቴ የታሰረ ቀኝ እጁን አነሳና መልሶ አወረደው። "ልጄ" ብሎ ወንድሜን ጠራ። ወንድሜ ደጃፉ ላይ ስልክ ይዞ ከብረት ነጋዴው ጋር ስለ ነገ እየተነጋገረ ነበር። "ረስቼዋለሁ እኮ አባዬ" አለ።

"እኔ አሳየዋለሁ" አልኩ።

"አንቺ አትንኪ።"

"አባዬ፣ ጣቴን ዳስሰው። ካልሆነ እንደ ሌሎቹ አባረኝ።"

እናቴ ከበረንዳው ላይ "ተዋት፤ ነግሬያታለሁ" አለች። አባቴ ወደ ድምፅዋ ዞረ፣ ከዚያ ወደ እኔ። የተቆጣ መስሎኝ ነበር፤ አልተቆጣም። ጎንበስ ብዬ ብረቱን ያዝኩ፣ እሱም ግራ መዳፉን እጄ ላይ አሳረፈ። አራቱን ጣቶቼን ቆጠረ። አምስተኛው ከእነሱ ጋር በአንድ ወገን ተሰልፎ አገኘው።

"ማን አስተማረሽ?"

"አንተ ነሃ። ሰው ሁሉ ስታስተምር በኩሽናው መስኮት ሳይህ ነው ያደግኩት።"

"ወደ ላይ ሳቢ፤ ወደ ታች አትግፊ።"

"አውቃለሁ።"

"ከተራገጠ ልቀቂ።"

"አውቃለሁ አባዬ።"

እጁን አንስቶ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ሳብኩ፤ ሞተሩ አስነጠሰና ተኛ። ሁለተኛ ስስበው ማኖቬላው በኃይል ተመልሶ መጣና ከእጄ ተስፈንጥሮ መከላከያውን መታው።

"ጣቷን!" ብሎ አባቴ ጮኸ። እኔ በተወለድኩ ቀን አልጮኸም የተባለው ሰው ነው።

"አለ። ይኸው፣ ደህና ነው" አልኩት። ለሦስተኛ ጊዜ ያዝኩት። ሳብኩ። ላንድሮቨሩ አንዴ ሁለቴ ሳለና ተነሳ፤ በሮቹ፣ ኮፈኑና የድስቱ ልጣፍ ሳይቀር ተንቀጠቀጡ። ያ ድምፅ ሲሰማኝ የልጅነት አቧራዬ ተመልሶ ፊቴ ላይ ያረፈ መሰለኝ።

አባቴ ሞተሩን አጠፋና ማኖቬላውን ለንብ አናቢው አቀበለው። ሰውዬው ብረቱን ጨብጦ እንዲዳስስለት እጁን ወደ አባቴ አቀረበ።

"እኔ አይደለሁም" አለው አባቴ። "እሷ ትፈትንህ።"

መዳፌን በሰውዬው እጅ ላይ አሳረፍኩ። እጁ ሻካራ ነው፣ ብዙ የተነደፈ። አውራ ጣቱ በቦታው ነበር። "ያልፋል" አልኩ። ወንድሜ ስልኩን አንስቶ ለነጋዴው እንዳይመጣ ነገረው።

መኪናዋ ልትሄድ ስትል እናቴ በመስኮቱ በኩል አጎንብሳ "ድስቴን በደህና ያዝልኝ" አለችው። ሳቀ፣ እሷ ግን አልሳቀችም። መሀረቧን ስታወጣ አይቻታለሁ።

አባቴ ድምፁ ከመንገዱ ኩርባ አልፎ እስኪጠፋ በሩ ላይ ቆመ። ከዚያ "እጅሽን" አለኝ። ሰጠሁት። አውራ ጣቴን ከጥፍሩ ጀምሮ እስከ ሥሩ፣ አጥንት በአጥንት፣ ቀስ እያለ ዳሰሰው።

"ራጅ ያስፈልገዋል?" አልኩት።

"አያስፈልገውም፤ ደህና ነው" አለ። ከበሩ እስከ ቤት ስንሄድ ግን ጣቴን አልለቀቀውም።