የግድግዳ ጥግ ወንበር

መጀመሪያ ድምፁ ነው የመጣው። ማታ ጠረጴዛ ላይ የተሰቀሉት ወንበሮች ተራ በተራ እየወረዱ ሲሚንቶው ላይ ጓ ይላሉ። የቡና ቤቱ በር ገና አልተከፈተም። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሌሊት ተረኛ ደጁ ላይ ቆሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከድምፁ ብቻ የእሱን ወንበር ለመለየት ይሞክራል። አንድ እግሯ አጭር ስለሆነ ስታርፍ ሁለት ጊዜ ነው የምትንኳኳው።

በሩ ተከፈተ።

"አንተ ልጅ፣ እዚሁ ነው እንዴ የምታድረው?" አለችው የቡና ቤቱ ባለቤት መጥረጊያዋን ደገፍ ብላ።

"አሁን ነው የወጣሁት።"

"ጓደኞችህስ? ወይስ ፋብሪካው ተቃጥሎ አንተ ብቻ ነህ ያመለጥከው?"

ሳቅ ብሎ ገባ። ቤቱ የትናንቱን ቢራና የዛሬውን ሳሙና አንድ ላይ ይሸታል። ግድግዳው ጥግ ያለችውን ወንበር ያዘ። እዚያ የተቀመጠ ሰው የወሬው መሃል ነው። ዘግይቶ የመጣ ግን በሩ አጠገብ፣ ወሬው በማይደርስበት ይቀመጣል። የፋብሪካው የመውጫ ሳይረን ሲጮኽ ከሁሉ ቀድሞ የሚሮጠው ለዚህ ነው። መኖሪያ ቤቱ ሲገባ ጎረቤቶቹ ሥራ ሄደዋል። እነሱ ለእራት ሲሰበሰቡ እሱ በደጃቸው አልፎ ወደ ፋብሪካ ይወርዳል። ከሰው ጋር የሚበላው ይህን ቁርስ ብቻ ነው።

ብዙም ሳይቆይ መካኒኩ ጋሼና ጨርቅ አጣፊዋ እትዬ እየተጯጯኹ ገቡ። ተጣልተው አይደለም። ሌሊቱን ማሽን ሲጮኽበት ያደረ ጆሮ እስኪከፈት ድረስ እንዲህ ነው የሚያወሩት። ማሽኖቹ መሃል እንኳን ወሬ ጩኸትም አይሰማም፤ እዚያ የሚነጋገሩት በክር ነው። ተረኛ ሲለዋወጥ ማሽን አይቆምም። አደጋ ካለ ወጪው ተረኛ እጀታው ላይ ቀይ ክር ያስራል፤ ገቢው ተረኛ ያንን ካየ መካኒክ ሳይመጣ እጁን አያስገባም። ክር ከሌለ ማሽኗ ደህና ናት ማለት ነው።

"ሬዲዮ፣ እንዴት አደርክ?" አሉት ጋሼ እየተቀመጡ። ሬዲዮ ያሉት ስለማይናገር ነው። "ማሽንህስ?"

"የሮለሩ መከለያ ብሎኑ ወልቋል። እንዲያው ገጠም አድርጌው ነው የወጣሁት።"

"የቀኑ መካኒክ ያየዋል። ቀይ አስረሃል?"

"አስሬያለሁ።"

"እዚህም ማሽን?" አለች እትዬ። "እንቁላሉ ይምጣ እንጂ።"

እንቁላሉ ከነመጥበሻው መጣ፣ ሻዩም ተከተለ። እትዬ ዳቦውን እየቆረሰች አደለች። ጋሼ ባለቤታቸው ሌሊት ሌሊት እንደምታንኮራፋ አወሩ።

"እርስዎ ፋብሪካ እያደሩ ማንኮራፋቷን ማን ነገርዎት?" አለች እትዬ።

"ጎረቤት።"

ሳቁ። እሱም ትንሽ ዘግይቶ ሳቀ። እትዬ ሳቁን ሰምታ ነው መሰል ወደ እሱ ዞረች።

"አንተስ? ይህን ያህል ጊዜ አብረን ስንበላ ቤትህ ማን እንዳለ እንኳን አናውቅም።"

"ተዪው፣ ባትሪው አልቆ ነው" አሉ ጋሼ።

"አይ፣ ዛሬ ሳይናገር አይነሳም። እሑድ እኔ ቤት ምሳ ና ብልህ የሚቆጣህ ሰው አለ?"

ሁለቱም ማኘካቸውን ትተው ጠበቁት። ስንት ቀን፣ አልጋው ላይ ተጋድሞ ፀሐይዋ በመስኮቱ ስታልፍ እያየ፣ ይህን ጥያቄ ራሱን ጠይቆ ራሱ መልሶታል። ከእናቱ ይጀምራል፣ ከዚያ ወደ ክፍሉ ይመጣል፣ መጨረሻው ላይ ያስቃቸዋል።

አፉን ከፈተ። እጁ ኪሱ ውስጥ አንድ ነገር ሲያፍተለትል ነበር። ቀጭን፣ ለስላሳ፣ ገና ያልተቋጠረ። ሳያወጣው ቀለሙን አወቀው። ሊያስረው መዝዞ ሳለ ሳይረኑ ጮኸ፤ ከዚያ በኋላ ያሰበው ወንበሯን ብቻ ነው።

የቀን ተረኛዋን በመልክ ብዙም አያውቃትም። እጇን ነው የሚያውቀው፤ እሱ እጀታውን ሲለቅ የሚይዘውን፣ ቀለበት የጠበበበትን እጅ። መጀመሪያ ወለሉን ትጠርጋለች። ከዚያ መከለያው ሥር የተጠራቀመውን ብናኝ ልታወጣ እጇን ትሰዳለች። ስልኳ እንደ ሁሉም ሰው ጥበቃው ጋ ነው የሚቀረው።

"እህ፣ እየሰማንህ ነው" አለች እትዬ።

ጋሼን አያቸው። አስሬያለሁ ያለው ቃል ገና አፉ ውስጥ ነበር። የያዘውን ዳቦ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ብድግ ሲል ወንበሯ ግድግዳውን መታች።

"ምነው፣ አስከፋሁህ እንዴ?"

ራሱን ግራ ቀኝ ነቀነቀ። ክሩን ጣቱ ላይ ጠምጥሞ በሁለቱ መሃል ሾልኮ ወጣ። ከኋላው እትዬ፣ ጆሮዋ ገና ስላልተከፈተላት፣ መንገድ ድረስ በሚሰማ ድምፅ "እንቁላሉ ይቀዘቅዝብሃል" ስትል ሰማት። ወደ ፋብሪካው መሮጥ ጀመረ።