ከካሜራው ማዶ

"ወደዚያ ጠጋ በይ፤ ክንድሽ ይታያል" አለ ፓስተር ወንድምአገኘሁ፣ ዓይኑን ከላፕቶፑ ሳይነቅል።

ሰርካዲስ ወንበሯን ይዛ ወደ ግድግዳው ተጠጋች። አሁን የሚታያት የላፕቶፑ ጀርባና ከእሱ በላይ ብቅ ያለው የፓስተሩ ፊት ብቻ ነው። ጭኗ ላይ ወፍራም ወረቀቶች ደርድራለች። በእያንዳንዱ ላይ አንድ መልስ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል በማርከር ተጽፏል። ትናንት ሱቋን ዘግታ የዋለችው ለዚህ ነው። ያልታሰበ ጥያቄ ቢመጣ ብላ ጥቂት ባዶ ወረቀቶችም ጨምራለች።

"ይነበባል?" አለችና አንዱን ከፍ አድርጋ ያዘችለት።

"ይነበባል። ቶሎ ቶሎ አታቀያይሪ እንጂ።" ከረባቱን አስተካከለ። "ደግሞ ፈገግ እንዳትዪ። አንቺን አይቼ እኔም እስቃለሁ።"

"ምን የሚያስቅ ነገር ተገኝቶ ነው ፓስተር?"

ደሴ ላይ የሞባይል ኢንተርኔት ከተዘጋ ሳምንታት አልፈዋል። ኮማንድ ፖስቱ መቼ እንደሚከፍተው የሚያውቅ የለም። የፓስተሩ የመመረቂያ ቃለ መጠይቅ ደግሞ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው ተባለ። ኮምቦልቻ ያለ አንድ ሆቴል የመስመር ኢንተርኔት እንዳለው ያጣራችው፣ ትንሿን የስብሰባ ክፍል የለመነችው፣ ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ አቅፋ የሃረጎን ጠመዝማዛ መንገድ የወረደችው ሰርካዲስ ናት። ለደሴ ብርድ የለበሰችው ሹራብ እዚህ ያልባታል፤ ግን ልታወልቀው ስትነሳ ሁሉ "ዝም ብለሽ ተቀመጪ፣ አሁን ይደውላሉ" ይላታል።

ከላፕቶፑ አጠገብ አንድ ደብዳቤ ተቀምጧል። የተየበችው ራሷ ናት፦ "እህት ሰርካዲስ ሞላ በጉባኤያችን ውስጥ ለዘጠኝ ዓመታት በታማኝነት ያገለገለች በመሆኗ ለትምህርት ዕድሉ በሙሉ ልብ እንመሰክርላታለን።" የፓስተሩ ፊርማ አርፎበታል። ማህተሙ ግን አላረፈበትም። ማህተሙ በሶፍት ተጠቅልሎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ነው። የባሕር ማዶው ትምህርት ቤት ማህተም የሚባል ነገር አልጠየቀም። ፓስተሩ ግን ማህተም የሌለው ወረቀት መጠቅለያ ነው ባይ ነው፤ ያለ ማህተም ከጉባኤው የሚወጣ ደብዳቤ ደግሞ የለም።

"እሱን ቃለ መጠይቁን ስንጨርስ" ብሏታል ጠዋት፤ ኪሱን መታ መታ አድርጎ።

ነገሩ ከተጀመረ ሦስት ዓመቱ ነው። ትምህርት ቤቱ በአገልግሎት ላይ ላሉ ሰዎች በኢንተርኔት ሁለተኛ ዲግሪ እንደሚሰጥ፣ ሰው ከሥራው ሳይነሳ ባመቸው ሰዓት ሊማር እንደሚችል፣ ለጉባኤያቸውም አንድ ነጻ ቦታ እንደተፈቀደ የሚገልጽ ደብዳቤ መጣ። ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ሰርካዲስ ስለነበረች ስለ ራሷ የተባለውን ሁሉ በገዛ እጇ ጽፋዋለች። አንዱ፣ "ሰርካዲስ ከዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ ተመርቃለች፤ በሽተኛ የምትጠይቀውም፣ ልጆቹን የምታስተምረውም እሷ ናት" አሉ። ሌላው ቅጹን አገላብጠው፣ "እዚህ ላይ ማዕረግ ይላል። ማዕረጓ ምን ተብሎ ይሞላ?" አሉ። የፓስተሩ ስም ተሞላ።

"አንቺ ታግዢዋለሽ" አሏት ሲወጡ። "የሚቀጥለው ያንቺ ነው።"

በመጀመሪያው ወር መተርጎም ነበር እገዛው። በሁለተኛው ማሳጠር ሆነ። በአራተኛው ወር ፓስተሩ መጽሐፉ ምን እንደሚል መጠየቁን ተወ።

እምቢ ማለት ትችል ነበር። ይህን ለራሷ ደብቃ አታውቅም። ግን ትምህርቱን ወደደችው። ሰኞ ገበያ ባለችው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቋ ውስጥ የሰው መታወቂያ እያባዛች፣ የሰው አቤቱታ እየተየበች፣ መሃል ላይ ታነብ ነበር። ሥራውን በፓስተሩ ስም እሑድ ከመድረሱ በፊት ትልካለች። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ የመምህሯ የዶክተር ኢሌን አስተያየት ይመጣል። አንዱን አትማ መሳቢያዋ ውስጥ አስቀምጣዋለች፦ "ውድ ወንድምአገኘሁ፣ ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።" ደንበኛ ሲያስመርራት መሳቢያውን ከፈት አድርጋ ታየዋለች። የላይኛውን ስም በአውራ ጣቷ ትሸፍነዋለች።

ዛሬ ሚኒባስ ውስጥ ሳሉ፣ "የኔ ተራ ሲደርስ እንግዲህ ከሱቁ ጋር እንዴት እንደማደርገው እንጃ" ብላው ነበር።

"አንቺማ ምን ችግር አለብሽ? ሥራው ሁሉ አልቋል። ያንኑ ስሙን ቀይረሽ ትልኪያለሽ።"

"ፓስተር፣ ኮምፒውተራቸው ያመሳክራል። ከእርስዎ ገልብጣለች ብሎ ነው የሚጥለኝ።"

ትንሽ አሰበ። ከዚያ ሳቀ። "እንግዲያማ አዲስ ትጽፊያለሽ። ላንቺ እንደሆነ ውሃ መጠጣት ነው።" ራሱን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ኮምቦልቻ እስኪገቡ ተኛ። እሷ በሦስት ዓመት ያሰበችውን ነገር አንድ በአንድ ቆጠረች። ከእንግዲህ አንዱንም በስሟ ብትናገረው ሌባ ናት።

ላፕቶፑ ጮኸ። ፓስተሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

የዶክተር ኢሌን ድምፅ ሰርካዲስ ካሰበችው በላይ ያረጀና የረጋ ነበር። ሰላምታ ተለዋወጡ። ስለ ጸጥታው ጠየቀች፤ ፓስተሩ ሰላም ነው አለ። ስለ ሁለተኛው ዓመት ጥናት ጠየቀች፤ ሰርካዲስ አራተኛውን ወረቀት አነሳች። ስለ ጉባኤ አስተዳደር ጠየቀች፤ ዘጠነኛውን። ፓስተሩ ያነባል፤ ቀስ እያለ፣ እያሰበ የሚናገር መስሎ፣ አንዳንዴ ቀና ብሎ ጣሪያ እያየ። ይህችን እንኳ ተክኗታል።

"አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል" አለች ዶክተሯ። "ስለ ታማሚዋ ጎረቤት የጻፍከው ሪፖርት። እውነቱን ልንገርህ፣ ለባለቤቴም አነበብኩለት። በአራተኛው ጉብኝት ሴትየዋ አንድ ነገር ለመነችህ። ምን እንደነበረ ከአንተው አፍ ብሰማው ደስ ይለኛል።"

ለዚህ የተዘጋጀ ወረቀት አልነበረም። ይህን ፓስተሩ ያውቀዋል ብላ ነው። ሪፖርቱ ዘጠኝ ገጽ ብቻ ነው፤ ነሐሴ ላይ አትማ፣ "ይችን እንኳ ያንብቧት" ብላ በእጁ ሰጥታዋለች። ሰርካዲስ ባዶ ወረቀት ስባ ጻፈችና አነሳችው፦ "ጥፍሯን እንድቆርጥላት።"

ሴትየዋ ኡሙሰልማ ናት። ሆጤ ውስጥ በአንድ አጥር ይኖሩ ነበር። ጉበቷ ታሞ ሆዷ ሲነፋ፣ እግሯ ሲከዳት፣ ልጇ ፈትሂያ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ፈረቃ ስለምትገባ ከሰዓት ከሰዓት ሰርካዲስ ከእሷ ጋር ትቀመጥ ነበር። አንድ ሐሙስ ቀን ኡሙሰልማ እጇን ከጋቢው ስር አውጥታ አየችው።

"አንቺ ጴንጤ" አለቻት፤ እንዲህ ነበር የምትጠራት፣ "ነገ ጁምአ ነው። ይችን ጥፍር ቁረጪልኝ።"

"ፈትሂያ ማታ ትቆርጥልሽ የለ?"

"ፈትሂያ እጇ ይንቀጠቀጣል። እኔን ባየች ቁጥር ታለቅሳለች፣ ጣቴን ይዛው ትሄዳለች። አንቺ ድንጋይ ነሽ፤ አታለቅሺም።"

ሰርካዲስ ሃያውንም ቆረጠችላት። ቁርጥራጩን በወረቀት ጠቅልላ፣ እንደታዘዘችው ጓሮ ቀበረችው። ምንም አልጸለየችም፤ ምንም አላስተማረችም። ኡሙሰልማ በአምስተኛው ቀን ሞተች። ያን ሪፖርት ስትጽፍ የማንን ስም ለብሳ እንደምትጽፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ረስታ ነበር።

ፓስተሩ ወረቀቱን አነበበው። "ይቅርታ፣ ድምፁ ይቆራረጣል" አለና ማይኩን ዘጋ። ፊቱን ከስክሪኑ ሳያዞር በጥርሱ መሃል ተናገረ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"መልሱ ነው።"

"የማንን ጥፍር ነው የምቆርጠው እኔ? ሙስሊም ሴት፣ የሰው እናት፣ አልጋዋ ላይ ተኝታ? ደሴ ላይ እንዲህ የሚያደርግ ወንድ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

"ታዲያ ምን ሆነሽ ጻፍሽው?"

"ስላደረግኩት ነዋ። አነበቡት ብዬ ነበር።"

"ጊዜ የት አለኝ እኔ? ይሄ ነገር ሽማግሌዎቹ ጆሮ ቢደርስ፣ ወንድሞቿ ቢሰሙ፣ ምን እንደምባል አስበሻል?" ላቡን በመዳፉ ጠረገ። "ሌላ ነገር ስጪኝ። ቶሎ በይ።"

"ሌላ የለም። የለመነችው ይህንኑ ነው።"

አያት። ከዚያ ማይኩን ከፈተና ያለ ወረቀት መናገር ጀመረ። እንግሊዝኛው ተሰባበረ እንጂ ድምፁ አልተሰባበረም። የእሑድ ድምፁ ነበር።

"እንድጸልይላት ነው የለመነችኝ" አለ። "እጄን ጫንኩባት። እያለቀሰች ጌታን ተቀበለች። ፈገግ ብላ ነው ያረፈችው።"

"ይህን ሪፖርቱ ላይ አልጻፍከውም" አለች ዶክተሯ።

"ለቤተሰቧ ደህንነት ብዬ ደበቅኩት። አገሩን ታውቂዋለሽ።"

ኡሙሰልማ ከሞተች አምስት ወሯ ነው። እነሆ ሃይማኖቷን ቀየረች። ሰርካዲስ ማርከሩን እንደጨበጠች ቀረች። ፈትሂያ ይህን ሰዓት ከዚህ ሆቴል ብዙም ሳይርቅ፣ ማሽን ፊት ቆማለች። የእናቷን አርባ ስታወጣ ሰርካዲስ ዱአው እስኪያልቅ ቆይታ፣ ሰሃን አጥባ ነው የሄደችው።

"ገባኝ" አለች ዶክተሯ፤ ድምፅዋ ለስልሶ። "እንግዲያው ከጻፍከውም የሚበልጥ ነው። ከፈቀድክ ቦታውን ሳልጠቅስ ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ፤ ለፋይል አይደለም፣ ለጸሎት ነው። እውነተኛ ስሟ ማን ነበር?"

ሪፖርቱ ላይ ስሙ ተቀይሯል፤ የትምህርት ቤቱ ደንብ ነው። ፓስተሩ ሰርካዲስን አላያትም። ማሰብም አላስፈለገውም።

"ዘይቱና" አለ።

ዘይቱና ከጸሎት ቤቱ በር ፊት ለፊት ድንች የምትሸጥ ሴት ናት። ዛሬ ጠዋት ሲወጡ ደህና ዋሉ ብላቸዋለች።

"ወንድምአገኘሁ፣ አልፈሃል" አለች ዶክተሯ። "የቀረውን በጽሑፍ እልክልሃለሁ። ከመለያየታችን በፊት ግን ለዘይቱና ቤተሰብ እንጸልይ።"

ጸሎቱ ተጀመረ። ፓስተሩ ራሱን ደፋ፤ ዓይኑን ግን አልጨፈነም። ግራ እጁ ከጠረጴዛው በታች ወደ ኮቱ ኪስ ገባ፣ ማህተሙን ከሶፍቱ ፈታ፣ ወደ አፉ አስጠግቶ ሁለት ጊዜ እፍ አለበት። ደብዳቤውን ከካሜራው ዕይታ ውጭ ስቦ ፊርማው ላይ ጫን አደረገው። ክቡ ማህተም ደህና አድርጎ ወጣ። በጣቱ ጫፍ ገፋ ገፋ አድርጎ ወደ ሰርካዲስ አስጠጋላትና ጠቀሳት።

ሰርካዲስ ደብዳቤውን አየችው። ስሟ በትክክል ተጽፏል፤ እሷው ናት የጻፈችው። ቀለሙ ገና አልደረቀም። አንስታ ብታጥፈው ማህተሙ ይበላሻል።

አላነሳችውም። ወረቀቶቹን ከጭኗ ላይ አንስታ ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ማርከሩን ከደነች። ሹራቧን አወለቀች። ከዚያ የተቀመጠችበትን ወንበር በመደገፊያው ይዛ ተነሳችና ጠረጴዛውን ዞረች።

"ምን ልታደርጊ ነው?" አለ ፓስተሩ በከንፈሩ ብቻ። እጁ ወደ ላፕቶፑ ክዳን ሄደ።

"ይተዉት" አለች ሰርካዲስ፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ግን አጥርታ።

እጁ አየር ላይ ቀረ። ወንበሯን ከወንበሩ አጠገብ አድርጋ ተቀመጠች። ስክሪኑ ላይ መነጽሯን ወደ ግንባሯ የገፋች፣ ፀጉሯ ነጭ የሆነ ሴትዮ ዓይኖቿን ጨፍና ትታያለች፤ ለሦስት ዓመት የጻፈችላት ሴት። ከታች ጥግ ባለችው ትንሽ ሳጥን ውስጥ ደግሞ ከፓስተሩ ጎን የራሷ ፊት ገብቷል።

ዶክተሯ ገና እየጸለየች ነው። አሜን እስክትል ሰርካዲስ ጠበቀቻት።