መፍቻ

መካኒኳ ያለቀውን ሲል በጨርቅ ጠርጋ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። ሲል የሚሉት የፓምፑ ሙቅ ውሃ በዘንጉ ዙሪያ እንዳይፈስ የሚከለክለውን ቀለበት ነው። ዓመት ሊቆይ ሲገባው ወር እንኳ አልሞላውም፤ ፊቱ በአንድ በኩል ብቻ ተበልቷል።

"ስንተኛው ነው?" አለ የፓምፕ ጠባቂው ከበሩ ላይ።

"ካምና ወዲህ ሰባተኛው።"

"ይኼ ሲል እኮ ሁልጊዜ 'ልሄድ ነው' ሲል ነው የሚኖረው።"

ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ደረቀ። ዋናው መሐንዲስ ጠዋት ያላት ከጆሮዋ አልወጣም። "የሽማግሌው እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ሲሉን አጣሞ ይገጥመዋል። ዓርብ ጡረታ ሲወጣ ችግሩም አብሮት ይወጣል።"

ሽማግሌው ሥራውን ያስተማሯት ጋሽ አጥብቅ ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው ተማሪዎቻቸው ነበሩ፤ ማንም ብሎን ሲያስር ከኋላው ቆመው "አጥብቅ" ማለት ስለማይሰለቻቸው። ስድስቱን ሲሎች የገጠሙት እውነትም እሳቸው ነበሩ። ሰባተኛውን ግን የገጠመችው እሷ ናት።

ቀለበቱን አስቀምጣ ቧንቧውን በእጇ እየዳሰሰች ሄደች። ከፓምፑ ሁለት እርምጃ ርቆ ሠራተኛው አኮርዲዮን የሚለው የተሸበሸበ ብረት አለ። ቧንቧው በሙቀት ሲረዝም እጥፋቱ እየተሰበሰበ ፓምፑን ከመገፋት ያድነዋል። እጇ በግራና በቀኙ ሁለት ረጃጅም ብሎኖች አገኘ። አኮርዲዮኑ በመንገድ እንዳይንገላታ ታስረውበት የመጡ ናቸው፤ ሲገጠም መፈታት ነበረባቸው። አልተፈቱም፤ ቧንቧው በሞቀ ቁጥር ፓምፑን እየገፋ ዘንጉን ሲያዛንፍ፣ ሲሉንም በአንድ በኩል ሲያስበላ ኖሯል። እንዲያውም እንደ ቧንቧው ግራጫ ተቀብተዋል።

አምና አኮርዲዮኑን የቀየሩት ጋሽ አጥብቅ ነበሩ።

ሰው ምሳ ሲወጣ ብቻዋን ብትፈታቸው ማን ያውቃል? ግን ዝም ካለች የሰባቱም ሲል ጥፋት በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጅ ላይ ተለጥፎ ሊቀር ነው። ወደ ዕቃ ክፍሉ ሄደች። ሽማግሌው የግል ዕቃቸውን በካርቶን እየሰበሰቡ ነበር።

"ጋሼ፣ አንዴ ይምጡልኝ።"

"ሰባተኛውም ሄደ?"

"ሄደ።"

"እንግዲህ እጄ ነው፣ ልጄ።"

"ሰባተኛውን የገጠምኩት እኔ ነኝ። የእርስዎ እጅ ምን አደረገ?"

ብሎኖቹን ስታሳያቸው በአውራ ጣታቸው ቀለሙን ዳበሱት።

"የቀባሁትም እኔ ነኝ" አሉ። "ከመቀባቴ በፊት ደግሞ አጥብቄዋለሁ። እንዲላወስ የተሠራውን ነገር።" ራሳቸውን ነቀነቁ። "ስንቱን ሰው አጥብቅ ስል ኖሬ፣ ፍታ የሚል ቃል አንድ ቀን እንኳ ከአፌ አልወጣም።"

"እኔን አንዴ ብለውኛል።"

"መቼ?"

"የመጀመሪያ ቀን። ጓንቴን ከብሎኑ ጋር አብሬ አስሬው።"

ሆዳቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። "በይ መፍቻውን አቀብዪኝ።" ተቀብለው እንደ አዲስ ዕቃ አገላብጠው አዩት። "ስሙን ስሚው እስቲ። መፍቻ። አርባ ዓመት ማጥበቂያ አድርጌው ኖርኩ።"

ቧንቧው ቀዝቅዞ ስለነበር ብሎኖቹ ሳያስቸግሩ ወጡ። ዘንጉ መቃናቱን ለክተው አስተካከሉ። አዲሱን ሲል እሳቸው እንዲገጥሙ ተወችላቸው፤ እጃቸው ብረቱን እስኪነካ ተንቀጠቀጠ፣ ሲነካ ተወ። ሙቅ ውሃው ሲለቀቅ የአኮርዲዮኑ እጥፋት በግማሽ ጣት ያህል ተሰበሰበ። ፓምፑ ካምና ወዲህ ተሰምቶ በማያውቅ ለስላሳ ድምፅ ዞረ። ከሥሩ ጠብ ያለ ነገር የለም።

"የጥገና መዝገቡ ላይ ጽፈሻል?"

"አልጻፍኩም።"

"አምጪው። እጄ ሳይሆን ጭንቅላቴ እንደሆነ ይወቁት።"

ፊደሎቹ እየተወላገዱ ጻፉ፦ "የማጓጓዣ ብሎኖቹ ሳይፈቱ ቀርተው ነበር። የገጠምኩት እኔ ነኝ። ከእንግዲህ አኮርዲዮን የሚገጥም ሰው የፈታቸውን ብሎኖች ከዚህ መዝገብ ጎን ሳይሰቅል ውሃ አይልቀቅ።"

ሁለቱን ብሎኖች በሽቦ አስረው ግድግዳው ላይ ሰቀሉ። ሽቦውን ሊያጠብቁ ሲሉ እጃቸውን መለሱ።

እሷም ብዕሩን ወሰደችና ከጽሑፋቸው ሥር አንድ መስመር ጨመረች፦ "ሰባተኛውን ሲል የገጠምኩት እኔ ነኝ፤ እሱም በአንድ በኩል ተበልቷል።" ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አለችበት፤ መዝገቡን ዘግታ ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው።