አርባዋ ሳይወጣ የተላጨሁት ጢም

ሚስቴ ማንጠግቦሽ በወባ ሞታለች። እኔ ደግሞ ወፍሬአለሁ አሉ፣ ገበያ መሀል ደግሰው የሚባለው ጎረቤቴ ጉንጬን እያየ፣ አንተ፣ የለቅሶውን እዝን ብቻህን ጨረስኸው እንዴ ይለኛል፣ ሰው ይስቃል፣ ይሳቁ፣ እህል አልወርድ ብሎኝ ቀበቶዬን በሚስማር እንደበሳሁት ማን አየ። መንጋጋዬ ነው የሰፋው። ተኝቼ ጥርሴን እነክሳለሁ፣ ነቅቼም እነክሳለሁ፣ ጆሮዬ ሥር ያመኛል።

እጢ መስሎኝ ነው ጤና ጣቢያ የሄድሁት፣ ልጄ ቤዛ ገና ዳዴ ትላለች፣ እኔም ከሞትሁ ማን አላት። ሐኪሙ ደርቤ፣ ከጎንደር ተመድቦ የመጣው፣ ጢምህ ከልሎታል፣ ተላጭና ና ይለኛል፣ ጥቁር ልብሴን እያየ፣ አርባዋ ሳይወጣ፣ ሐዘንተኛ ጢሙን አይነካም እኮ። ተላጨሁ። ማስመሪያውን ከጉንጭ ጉንጭ፣ ከጆሮ አገጭ ይዘረጋል፣ የፊትህ ታችኛው ክፍል ከላይኛው ሰፍቷል፣ አራት ማዕዘን ሆኗል፣ ንከስ፣ ልቀቅ፣ አጥንትህ ደህና ነው፣ እጢም ስብም አይደለም፣ የማኘኪያ ጡንቻህ ነው የደነደነው፣ ጥርስህን አታፋጭ። አታፋጭ! ለእሱማ ቀላል ነው።

አሁን አማቴ እማማ ብርሃነሽ ቤዛን በአንቀልባ አዝለው ደጄ ላይ ቆመዋል፣ አገራቸው ደሃና ሊወስዷት። የልጄ መቃብር ሳይደርቅ ተላጨህ፣ ፊትህም ሞላ፣ ሌላ ሴት አይተሃል፣ አግባት፣ የልጄን ልጅ ግን ለእንጀራ እናት አልሰጥም ይላሉ። የምን ሴት! ሐዘን በጢም ነው እንዴ የሚለካው፣ እማማ፣ ጉንጬን ይንኩት እላለሁ፣ እጃቸውን ይዤ ጆሮዬ ሥር አደርገዋለሁ፣ ድፍረት ነው፣ የአማት እጅ እንዲህ አይያዝም፣ ይሁን፣ እነክሳለሁ፣ ጡንቻው ከመዳፋቸው ሥር ይነሳል።

ምንድን ነው ይሄ፣ ድንጋይ።

ልጅቷ እንዳትነቃ ነው፣ እንዳልጮህ ነው የምነክሰው።

እጃቸውን አያነሱም። ምን ዓይነቱ ነህ አንተ፣ ጩህ እንጂ፣ እኔስ ስጮህ አይደል የከረምሁት፣ ጎረቤት ሁሉ ነቅቶ የለም። አንቀልባውን ይፈታሉ፣ ቀስ ብለው፣ ፊታቸው አሁንም ጨፍግጓል፣ እስከ አርባዋ እዚሁ ነኝ፣ እያየሁህ ነው።

ይዩኝ። ቤዛ ርቧታል፣ ቤት ያለው የደረቀ ዳቦ ነው፣ ቆርሼ አፌ ውስጥ አደርገዋለሁ።

ደህና አድርገህ አላምጥ፣ ያንቃታል፣ ይላሉ ከኋላዬ።

አላምጣለሁ፣ እስኪለሰልስ፣ በጣቴ አወጣና አፏ ውስጥ አደርግላታለሁ።